ፍሬን ይዞ አልለቅ ሲል፦ ካሊፐር ከመግዛታችሁ በፊት

መስከረም ሲጠባ ጋራዣችን በር ላይ የሚሰለፉት መኪኖች ችግራቸው ይመሳሰላል። ክረምቱን ግቢ ውስጥ ቆመው የከረሙ ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ ዝናቡ ቢያቆምም ከጣና የሚመጣው እርጥበት አያቆምም። ባለቤቱ አስነስቶ ሊወጣ ሲል መኪናው ይከብደዋል። ወይ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ወይ ሽምብጥ ደርሶ ሲመለስ ከአንዱ ጎማ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ብዙው ሰው «ሸራ ጨርሷል» ብሎ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጭነው ክፍል) ሞቷል ተብሎ፣ አዲስ ሊገዛ ብር ቆጥሮ ነው የሚመጣው።

እኔ ሁሌም የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ፍቱት። አሮጌ መኪና ላይ ይዞ የሚቀር ካሊፐር አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ዝጓል፣ ቆሽሿል፣ ወይም የማይሆን ቅባት ተቀብቷል። የጎሚኒ (የፒስተኑ የጎማ ቀለበት) ኪት፣ ትክክለኛው ግሪስና ትዕግስት ካለ ይመለሳል። የምጽፈው በእጄ በብዛት ስለሚያልፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ስለተሠሩት ኮሮላዎችና መሰሎቻቸው ነው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር፣ በየካሊፐሩ አንድ ፒስተን (በዘይቱ ግፊት ወጥቶ ሸራውን የሚገፋው) ያላቸው።

ቸል አትበሉት

ፍሬን የያዘ ጎማ ነዳጅ ይበላል፣ ሸራ ይበላል። ይህ ቀላሉ ነው። ዋናው ጣጣ ሙቀቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን ይህ ቁጥር ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። አሁን ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል እየወረዳችሁ ነው እንበል። አንዱ ካሊፐር ሳትረግጡትም ይፋጫል። ዘይቱ አርጅቷል። ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ዘይት ፈላ ማለት አረፋ ሆነ ማለት ነው፤ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ ፍሬን አይገፋም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው አይቆምም። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት የምትወርዱ ሰዎችማ ይህን ነገር ለነገ አትበሉት።

መጀመሪያ የያዘውን እወቁ

ትንሽ ነድታችሁ አቁሙ። በየቸርኬው ላይ ጠብ ጠብ የምትል ውሃ በእጃችሁ ርጩ። አንደኛው ላይ ውሃው «ጭስስ» ብሎ ከተነነ፣ ሌላኛው ላይ ግን ዝም ብሎ ከፈሰሰ፣ ጎማችሁን አገኛችሁ። ዲስኩን በእጅ አትንኩ፤ ቆዳ ያነሳል።

ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ፣ ለኋላ ጎማዎች ድንጋይ አስደግፋችሁ በክሪክ አንሱ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ከስር ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ሳታስገቡ እጃችሁን አታስገቡ። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ስር የሚገባ ሰው ሳይ ሥራዬን ትቼ ሄጄ ነው የማስወጣው።

ጎማውን በእጅ አዙሩት። ፍሬን ረግጣችሁ ለቅቃችሁ እንደገና አዙሩት። ሸራው ዲስኩን በስሱ እየነካ «ሽው ሽው» ቢል ደህና ነው። በሁለት እጅ ታግላችሁ ካልዞረ ይዟል። አሁን ነው ገንዘብ የምታድን አንዲት ምርመራ ያለችው። ጎማው እንደያዘ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን ሩብ ዙር ክፈቱ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ፣ ካሊፐሩ ላይ አትፍረዱ። ግፊቱ መመለሻ አጥቶ ነው። ብሎኗ ተከፍታም ጎማው ካልለቀቀ ግን ያያዘው ብረት ነው፤ ወይ ፒኑ (ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ)፣ ወይ ፒስተኑ፣ ወይ ሸራው ቦታው ላይ ተጣብቋል።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ አዲስ ካሊፐር በፌስታል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይኸው ገዝቻለሁ፤ ግጠምልኝና ልሂድ» አሉኝ። አንስቼ ባዞረው ጎማው ንቅንቅ አይልም። ብሎኗን ከፈት ሳደርጋት ዘይቱ ተተፋ፣ ጎማውም በአንድ ጣት ዞረ። «አባቴ፣ ካሊፐርዎ ምንም አልሆነም። ዘይት የሚያደርስለት የጎማ ቱቦው ነው» አልኳቸው። «ቱቦው? ቱቦው እኮ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው!» ነበር መልሳቸው። እውነታቸውን ነው፣ ከላይ ደህና ነው። የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ግን ከውስጥ ያብጣል፣ ግድግዳው ይላላጣል። ስትረግጡ ጉልበታችሁ ዘይቱን አስገድዶ ያሳልፈዋል። ስትለቁ ግን ዘይቱን ወደ ኋላ የሚመልስ ያን ያህል ጉልበት የለም። እዚያው ታግቶ ይቀራል። ቱቦውን ቀየርንላቸው፤ ካሊፐሩን ወደ ሱቁ መልሰው ብራቸውን ተቀበሉ።

ሁለቱም የፊት ጎማዎች በአንድ ጊዜ ከያዙ ደግሞ ወደ ላይ፣ ፔዳሉ ወደሚገፋው ዋና የፍሬን ፖምፓ ተመልከቱ።

ሸራው ይናገራል

ጎማውን አውጥታችሁ ካሊፐሩን ስትፈቱ (ብዙ ኮሮላ ላይ ለፒኖቹ 14 ቁጥር፣ ለተሸካሚው ብረት 17 ቁጥር ቁልፍ ነው) ካሊፐሩን በቱቦው አታንጠልጥሉት። በሽቦ ከሞላው ጋር እሰሩት። ከዚያ ሸራዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ።

የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጭኛው ወፍራም ከሆነ፣ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ አይንሸራተትም ማለት ነው። ፒስተኑ የሚገፋው የውስጠኛውን ብቻ ነው። የውጭኛውን የሚጎትተው የካሊፐሩ አካል ራሱ ተንሸራቶ ነው፤ ፒኑ ከደረቀ አይመጣም። አንዱ ሸራ ከላይ ስስ ከታች ወፍራም ሆኖ ሰያፍ ከተበላ፣ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ይዟል። ያረጀ የቁም ሳጥን መሳቢያን በአንድ ጎኑ ስትስቡት ሰያፍ ሆኖ እንደሚነክሰው ነው። የዚያኛው ጎማ ሸራዎች ወፍራም ሆነው የዚህኛው ሁለቱም እኩል ካለቁ፣ ፒስተኑን ወይም ቱቦውን ጠርጥሩ።

ብናኙን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አየር አትንፉ። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ጣሉት።

ፒኖቹ

ከጢስ ዓባይ መንገድ የሚመጡ መኪኖች ላይ ችግሩ በአብዛኛው እዚህ ነው። አቧራው በተቀደደች የፒን ጎማ ይገባል፣ ከግሪሱ ጋር ይቦካል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይጨመርበታል። ከዚያ ይደርቃል።

ፒኖቹን እያዞራችሁ ሳቡ። እምቢ ካሉ የዝገት ማስለቀቂያ ረጭታችሁ ጠብቁ፣ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ አወዛውዙ። በመዶሻ አትጣደፉ፤ ፒኑ ከጎበጠ መልሶ አይቃናም። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበረ ምልክት አድርጉ። ብዙ ካሊፐሮች ላይ ሁለቱ ፒኖች አንድ አይደሉም። አንደኛው ጫፉ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለው፣ ወይም ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ተለዋውጠው ከገቡ አዲስ የተሠራው ፍሬን ተመልሶ ይይዛል። ይህ ብዙ ሰው ያሳደደው ችግር ነው።

ፒኑን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልሉት፤ ቢዘል ጎብጧል፣ ቀይሩት። ዝገቱ ጉድጓድ ከሠራበትም ቀይሩት። ቀዳዳውን በቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አጽዱ። የፒኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ አዲስ ግዙ። ዋጋው ከሸራ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ስለ ግሪስ። የተለመደውን የኩሺኔታ ግሪስ አትቀቡ። የሞተር ዘይትም አትቀቡ። የተለመደው ግሪስ መሠረቱ የነዳጅ ዘይት ነው፤ የፍሬን ጎማዎች ደግሞ የነዳጅ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ። ሥራው የተዋጣ ይመስላል፣ ካሊፐሩ ሸርተት ይላል፣ ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል። ወራት ቆይቶ ጎማው አብጦ ፒኑን አንቆ ይመጣል። ለፍሬን ፒን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ አለ። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ «ለፍሬን ጎማ የሚሆን» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። የምትቀቡት ስስ አድርጋችሁ ነው። ቀዳዳውን በግሪስ ብትሞሉት አየር መውጫ ያጣና ፒኑን ገፍቶ ይመልሰዋል። ፒኑን ስታስገቡ የጎማውን አፍ ከፈት አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ፣ ከዚያ ከንፈሩን ቦታው ላይ አስቀምጡ። በሁለት ጣት ስትገፉት ሊሄድ፣ ስትስቡት ሊመጣ ይገባል።

ሸራው የሚቀመጥበትንም ቦታ አትርሱ። ቀጫጭን የብረት ክሊፖች አሉ። ከስራቸው ዝገት ሲያብጥ ክሊፑን ያነሳዋል፣ ሸራውንም ይቆነጥጠዋል። ክሊፑን አውጥታችሁ ከስር ያለውን ዝገት በሞረድ እስከ ንጹሕ ብረት ላጡት። አዲሱ ሸራ በእጅ ተገፍቶ መግባት አለበት። በመዶሻ የገባ ሸራ በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም።

ፒስተኑ

ፒኖቹ ደህና ከሆኑና ፒስተኑ ግን አልመለስ ካለ፣ ወደ ልቡ መግባት አለባችሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ፤ ይህ ከገባችሁ የቀረው ሥራ ራሱ ይመራችኋል። ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልስ ምንም ስፕሪንግ የለም። የሚመልሰው ጎሚኒው ነው። ጎሚኒው ባለ አራት ማዕዘን የጎማ ቀለበት ነው፤ በካሊፐሩ ግድግዳ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። ስትረግጡ ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮ ይለመጣል። ስትለቁ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። የሚመልሰው በዓይን የማይለይ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ርቀት ነው፤ ሸራው ዲስኩን ለቆ ለመቆም ግን ያች ታህል ትበቃዋለች። ጎሚኒው ከደረቀ ወይም ፒስተኑ ከዛገ ይህ መመለስ የለም።

ፒስተኑን ለማውጣት ቀላሉ መንገድ ካሊፐሩ ከቱቦው ሳይለይ በፔዳሉ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ከፊቱ የእንጨት ቁራጭ አድርጉ፣ ከስር የሚፈሰውን ዘይት መቀበያ አስቀምጡ። በኮምፕሬሰር አየር የምታወጡ ከሆነ በጣም ዝቅተኛ ግፊት ተጠቀሙ። ጣታችሁን በፒስተኑና በካሊፐሩ መሃል በምንም ምክንያት አታስገቡ። ተጣብቆ የነበረ ፒስተን ድንገት ሲለቅ ጣት ይሰብራል።

የወጣውን ፒስተን በብርሃን አዙራችሁ እዩት። ላዩ የሚያበራ ንጣፍ አለው። እድፍ ብቻ ከሆነ 1000 ቁጥር ወይም ከዚያ የላመ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርጥባችሁ ዙሪያውን እያዞራችሁ በስሱ አጽዱ። ጥፍራችሁን ስትጎትቱበት የሚይዝ ጉድጓድ ካለ፣ ወይም ንጣፉ ከተላጠ፣ ፒስተኑን ቀይሩት። ያንን በወረቀት አታድኑትም።

አሮጌውን ጎሚኒ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ ቦዩን ትጭራላችሁ፣ ጭረቱ ዘይት ያስወጣል። እኔ የምጠቀመው የወይራ መፋቂያ ነው። ጫፉን አሹዬ ጎሚኒውን አወጣበታለሁ፤ ከዚያ ያንኑ መፋቂያ ጠፍጠፍ አድርጌ ቦዩን እፍቅበታለሁ። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ብረት ግን አይጭርም። ይህን ቦይ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። ቦዩ ውስጥ፣ ከጎሚኒው ኋላ፣ ጥቁር ቡናማ ቅርፊት ይጋገራል። ስታዩት ቀለም ይመስላል። በመፋቂያው ጫፍ ስትገፉት ግን እንደ ስንጥር ተላቅቆ ይመጣል። ቅርፊቱ ጎሚኒውን ወደ ፒስተኑ ይገፋዋል፣ ያጣብቀዋል። አዲስ ጎሚኒ ገዝታችሁ ቅርፊቱ ላይ ከደረባችሁ፣ አዲስ ጎሚኒ ያለው የሚይዝ ካሊፐር ሠራችሁ ማለት ነው። ዙሪያውን ሁሉ፣ ሁለቱንም የቦዩን ጥጎች እስክትጨርሱ አትነሱ።

ማጠቢያው ንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም ለፍሬን የተሠራ ማጽጃ ነው። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ጋዝ እዚህ አይገቡም። ስትገጥሙ ጎሚኒውንም ፒስተኑንም በአዲስ የፍሬን ዘይት አርጥቡ። ጎሚኒው ቦዩ ውስጥ ሳይጠማዘዝ መቀመጡን በጣት ዳስሱ። ፒስተኑን ቀጥ አድርጋችሁ በአውራ ጣቶቻችሁ ግፉት። ደህና የጸዳ ካሊፐር ውስጥ ፒስተን በእጅ ይገባል። መዶሻ ወይም ሞርሳ ከጠየቀ ተጣሞ እየገባ ነውና አውጡት። የአቧራ ጎማውን (ፒስተኑን ከአቧራ የሚከልለውን) ከንፈር ፒስተኑ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ አስቀምጡ።

የኋላ ዲስክ ያላቸው መኪኖች ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእጅ ፍሬኑ ካሊፐሩን ራሱን የሚስብ ከሆነ ፒስተኑ ተገፍቶ አይገባም። እየዞረ ነው የሚገባው። በጉልበት ከገፋችሁት የውስጡ አሠራር ይሰበራል።

ዘይቱና አየሩ

ሸራ ብቻ ስትቀይሩም ፒስተኑን ከመግፋታችሁ በፊት የአየር ማውጫዋን ብሎን ክፈቱና ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀበሉ። ካሊፐር ውስጥ የቆየው ዘይት ከሁሉም የቆሸሸው ነው፤ ወደ ላይ ወደ ፖምፓው አትመልሱት።

ከፈታችሁ በኋላ አየር ማውጣት ግድ ነው። አንድ ሰው ይረግጣል፣ ሌላው ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፔዳሉ የሚነሳው ብሎኗ ከተዘጋች በኋላ ብቻ ነው። ዘይት መያዣው እንዳይጎድል እየሞላችሁ። አሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አታስረግጡ። ፖምፓው ውስጥ ጎሚኒው በዘወትር ሥራ የማይደርስበት ዝገት ያለበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ይቀደዳል። ከፔዳሉ ስር የእንጨት ቁራጭ አስቀምጡ። የአራቱንም ጎማ ዘይት የምትቀይሩ ከሆነ ከፖምፓው ከራቀው ጀምሩ።

መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ዘይት ጨምሩ። በስህተት የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የተጨመረበት መኪና ይመጣል። የሚታወቀው በክዳኑ ጎማ ነው፤ ተለጥጦ፣ ተለምልሞ፣ አልገጥም ይላል። ያ ከሆነ ውስጥ ያለው ጎማ ሁሉ እንደዚያው ነውና አንድ ካሊፐር ማጽዳት አይበቃም። የፖምፓውም፣ የካሊፐሮቹም፣ የኋላ ጎማዎቹም ጎሚኒ፣ ቱቦዎቹም ይቀየራሉ። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚበላ የመኪናው አካል ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

አንዳንድ ቦታ የያዘውን ጎማ የዘይት መስመር በብሎን ደፍኖ «ለጊዜው በሦስቱ ንዳ» ብሎ የሚያሰናብት ሰው አለ። እባካችሁ እሺ አትበሉት። እርጥብ አስፋልት ላይ በድንገት ስትረግጡ መኪናው ፍሬን ወዳለው ጎን ይጠመዘዛል። በዚያ ጎን ባጃጅ፣ ብስክሌት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ አለ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ሞተር ሳታስነሱ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። መጀመሪያ ብዙ ይወርዳል፤ ፒስተኑ ሸራውን እስኪያገኝ ነው። ይህን ሳያደርግ ማርሽ የሚያስገባ ሰው ግድግዳ ያገኛል። የቸርኬ ዳዶዎችን ጎማው መሬት ከነካ በኋላ፣ ፊት ለፊት እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የማጥበቂያ ልኬት ቁልፍ ካላችሁ ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ውጡ። አዲስ ሸራ ከሆነ ከ50 ገደማ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በመለስተኛ ኃይል እየረገጣችሁ ፍጥነቱን ደጋግማችሁ ቀንሱ። በየመሃሉ ሳትረግጡ ትንሽ ንዱ፤ ዲስኩ ይቀዝቅዝ። መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ አቁማችሁ እዚያው ረግጣችሁ አትቆዩ። ከዚያ ውሃውን በድጋሚ ርጩ። ግራና ቀኝ የፊት ቸርኬዎች አንድ ዓይነት ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ አሁንም የሚያተን ከሆነ ወደ ፒኖቹ ተመለሱ፤ ምናልባት ላይና ታች ተለዋውጠው ይሆናል።

ከሳምንት በኋላ መብራት ይዛችሁ የአቧራ ጎማውን ዙሪያና የአየር ማውጫዋን ብሎን እዩ። ርጥበት ካለ ዘይት ያስወጣል ማለት ነው፤ ዳግም ይፈታ። ደረቅ ከሆነ ለሚመጣው ክረምት መኪናውን ስታቆሙ የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ አትተዉት። ደልዳላ ቦታ ላይ በማርሽ አቁሙት፣ ለጎማው ድንጋይ አስደግፉ፣ በየሳምንቱም እየወጣችሁ ግቢው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱት፤ ፍሬኑንም ርገጡ።